የወይዘሮ ሀሚዳ ሦስት ምስጋና

የሰባ ሰባትን ድርቅ በእግሩ ያለፈ ሰው በማንም ኑሮ ውስጥ ለመግባት ፈቃድ የተሰጠው ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መንደር የለም፤ ስለ እንቅልፍህ፣ ስለ አካሄድህ፣ ስለ ፊትህ መኮሳተር ሳትጠይቀው ይመክርሃል። የእኛዋ የሰቆጣዋ ክብርት ወይዘሮ ሀሚዳ ናት። በዘጠኝ ዓመቷ ከአክስቷ ጋር ከእኛው አገር ዝቋላ ተነሥታ ያን ሁሉ ቆላ በእግሯ አቋርጣ መጣች። አብረው ከተነሡት አሥራ አንድ ሰዎች የደረሱት እነሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ዛሬ ሱቅ አላት። ጨውና ጃንጥላ በዋጋ ይሸጣል፤ ምክር በነፃ ይታደላል፤ አልፈልግም ማለት ግን አይቻልም። ፀሐይ ሳትቀድምህ ተነሣ። ለብ ያለ ውኃ ጠጣ። አልጋህን ሳታነጥፍ ሰው አታነጋግር። ከምሳ በኋላ ጋደም ያለ ጤነኛ ወንድ ካየች ደጁ ላይ ቆማ «አላህ ይማርህ!» ትላለች። እኔም አምና አገሬንና ሙያዬን ጥዬ ልሄድ ስል ከእጇ አላመለጥኩም።

ዋናው ሕጓ ይህ ነው፦ ስሞታ ያለው ሰው አስቀድሞ ሦስት ምስጋና ያቅርብ። እኛ ደግሞ ምስጋና አይቸግረንም። እንዴት አደርክ ሲባል ቤቱ የተቃጠለበትም ሰው «እግዜር ይመስገን» ይላል። እሷ ይህን አትቀበልም። «እሱ ሰላምታ ነው፤ ዘርዝረው!»

አንድ ቀን ትእዛዙ የሚባል የፃግብጂ ገበሬ ባትሪ ይዞ እየጮኸ ገባ።

«ይሄ በሁለት ቀን ሞተ!»

«ሦስት» አለችው።

«ምን ሦስት?»

«ምስጋና።»

«ፍየሎቼ ደህና ናቸው፤ ሚስቴም ደህና ናት፤...»

«ሚስትህን ከፍየሎቹ ኋላ አሰለፍካት? እንደገና ጀምር!»

ሚስቱን አስቀድሞ ቆጥሮ ሲጨርስ ንዴቱ ጠፋበት። ባትሪውንም ቀየረችለት።

ጎረቤታችን ደብሬ ብልጥ ነኝ ብላ በየቀኑ ያንኑ ሦስት ይዛ ትመጣ ነበር። «የትናንቱን አሙቀሽ አታቅርቢልኝ!» ተባለች። ደብሬ ድሮ መሬት መሬት እያየች ነበር የምትሄደው፤ ከዚያ ወዲህ የምታመሰግንበትን ፍለጋ ግራ ቀኝ እያየች ትመጣለች።

አምና እንግዲህ ዝናቡ ቀረ፤ ግራሩም አላበበም። ንቦቼ ጥለውኝ ሄዱ፤ አሥራ አራቱም ቀፎ ባዶውን ቀረ። አርባ ዓመት ከንብ ጋር የኖርኩ ሰው ባዶ ቀፎ ሳንኳኳ መዋል ሰለቸኝ። ቀፎዎቹን ለማገዶ ሰጥቼ፣ ቤቴን ቆልፌ፣ ባሕር ዳር ልጄ እስከዳር ቤት ሄጄ ልጦር ቆረጥኩ። ጓጉንቸር ልገዛ ሱቅ ገባሁ።

«አያ ይስማው፣ ጓጉንቸሩ ለምንዎ ነው?»

«ልሄድ ነው። ንቦቹ ከሄዱ እኔ እዚህ ምን አደርጋለሁ?»

«እስቲ ሦስት ይበሉ።»

«ዛሬ አንድም የለኝም!» ብዬ ጮኽኩባት።

ሱቁ ውስጥ የነበረችው ደብሬ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ወይዘሮ ሀሚዳ ግን በርጩማ ሳበችልኝ።

«ይቀመጡ። ስሞታውን ያሰሙኝ።»

ሕጓን ስትሽር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከንቦቹ ጀመርኩ፤ ወደ ዝናቡ፣ ወደ ጉልበቴ፣ ስልክ ወደማትደውለው ልጄ ሄድኩ። ገዢ ሲመጣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ «ተዘግቷል!» እያለች መለሰች። ሲደክመኝ ተነሣሁ።

«ነገ ስንት ሰዓት ይመጣሉ?»

«እሄዳለሁ አልኩሽ እኮ!»

«የጉልበትዎን ነገር ግማሽ ላይ እኮ ነው ያቆሙት። ጓጉንቸሩን ሲጨርሱ እሸጥልዎታለሁ።»

በማግስቱ ሄድኩ፤ በማግስቱም። የምነግራት ነገር እንዳይረሳኝ በጠዋት እየተነሣሁ፣ ፊቴን እየታጠብኩ መሄድ ጀመርኩ። በዘጠነኛው ቀን ሻይ ስትሰጠኝ፣ ሳላስበው «ዛሬስ ስኳሩ ልክ ነው» አልኩ።

«አንድ» አለችና ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች።

ባሕር ዳር አልሄድኩም። ሦስት ቀፎ ጠግኜ ሰቀልኩ፤ ሁለቱ ንብ ገብቶባቸዋል። ስለዚህች ሴት ፈጣሪዬን ሳመሰግን ዘርዝሬ ነው፤ እሷ ፊት ግን አልሞክረውም፤ ትኮራብኛለች።

ባለፈው ግን ጠየቅኋት። «በልጅነትሽ ከዚያ ሁሉ ሞት ያወጣሽ ይሄ ምስጋናሽ ነው?»

ሳቀች።

«ምን ምስጋና አያ ይስማው! በዚያ መንገድ ላይ ምን የሚመሰገን ነበረ? አክስቴ ሦስት ነገር ንገሪኝ ትለኛለች፤ እኔ ውሸት እፈጥራለሁ፤ ውሸት መሆኑን እሷም ታውቃለች። ግን እስክናገር ድረስ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። እኔን ያኖረኝ ምስጋናው አይደለም፤ መልሴን የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ነው።»