ከነጠላው ወዲያ ማዶ

ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ ዕቃው ላይ አያርፍም፤ ከዕቃው ኋላ ነው የሚያየው። እውነት ሁልጊዜ ከጓሮ በኩል ናት ብዬ ነው ያደግሁት። ወሬኛ ይሉኛል። ይበሉ! ጎረቤት ካላየ ማን ይይ?

ሰሞኑን አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ሁሉ "ለቤት ቴሌቪዥን ይሻላል ወይስ የሲኒማ ማሽን?" እያለ ይከራከራል። እዚህ ቢቸና ተቀምጦ! ከመጠምጠም መማር ይቅደም አሉ። እኔ ፊደል ገና ሳልጨርስ የተውኩ ሴት ነኝ፤ ይህን ነገር ግን ጠይቁኝ። በእትዬ ደብሪቱ ቤት አይቼዋለሁ።

እትዬ ደብሪቱ ጎረቤቴ ናቸው፤ የእህል ነጋዴው የአቶ ጥሩነህ ባለቤት። እግራቸው ከተያዘ ወዲህ መንገዳቸው ከአልጋ እስከ ደጃፍ ነው። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ የዝና የምትባል። የዝና ግራኝ ነበረች። ከገበታ ላይ በግራዋ ስትጎርስ እንግዳ ሁሉ እጁን ይሰበስባል። እናቷ "በጎቹ በቀኝ፣ ፍየሎቹ በግራ ነው የሚቆሙት" እያሉ ግራ እጇን በመቀነት ከወገቧ ጋር ያስሩባት ጀመር። ክረምት ከበጋ! እኔም በአጥሩ ቀዳዳ አይ ነበር። ለሰው ወሬ የሚከፈተው አፌ ያኔ ተዘጋ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልጅቱ አድጋ አዲስ አበባ ነርስ ሆነች። ደብዳቤ ትልካለች እንጂ አንድ ቀንም አልመጣችም። አንድ ቀን የእትዬ ደብሪቱን እግር ቅቤ እያሸሁ ሳለ፣ "ዘሪቱ፣ ያን እጇን ፈታችው ይሆን?" አሉኝ። "ወይስ ከእኔ ርቃም ታስራው ነው?" በደብዳቤ እንዳይጠይቁ ጽሕፈቱም ንባቡም የባላቸው ነው፤ ለባል ደግሞ ይህ ይነገራል?

በዚህ መሀል የዝና "ሕፃን ሳጥብ ፊልም ተነሣሁ፤ በቴሌቪዥን ይታያል" ብላ ጻፈች። አቶ ጥሩነህ በዚያው ዕለት ቴሌቪዥን ካልገዛሁ አሉ። አዲስ አበባ አይተውታል፤ መዝጊያ አለው፣ ቁልፍ አለው፣ ከላዩ ዳንቴል ይለብሳል። ዕቃ ማለት እሱ ነው!

ከሐረር ተመድቦ የመጣው የጤና ጣቢያችን ድሬሰር ግን ሳቀባቸው። "ጋሼ፣ ሞገዱ ዓባይን አይሻገርም። እዚህ ቢያመጡት የሚያዩት የራስዎን መልክ ነው።"

"ለመልኬማ መስተዋት አለኝ!" አሉ ተቆጥተው።

ድሬሰሩ ግን ደግ ሰው ነው። ፊልሙን ከጤና መሥሪያ ቤት አስልክልዎታለሁ፣ እርስዎ ማሳያውን ይፈልጉ አላቸው። ማሳያው ያለው ሞጣ ነው፤ አቶ እንድሪስ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ከአሥመራ ያስመጡት። አቶ ጥሩነህ ሄደው ቢያዩት ቅር አላቸው። ይንጫጫል፣ ሞተር ይፈልጋል፣ መዝጊያ የለው፣ ዳንቴል አያለብሱት። አቶ እንድሪስም "ጥሩነህ ወንድሜ፣ ልጅህን ነው ወይስ ዳንቴሉን ነው ልታይ የምትፈልገው?" አሏቸው። ማሽኑንም ጭነው አብረዋቸው መጡ።

እሑድ ከቀትር በኋላ መስኮቱ ሁሉ በቁርበት ተዘጋ። ወንዶቹ ከነፍስ አባትየው ጋር ሳሎን ተቀመጡ። እኛ ሴቶች እንደ ወጉ ጓዳ ገባን። በመሀል በር ላይ የእትዬ ደብሪቱ የክት ነጠላ የፊልሙ ማረፊያ ሆኖ ተወጠረ። ስስ ስለሆነ ብርሃኑ ያልፋል፤ ከጓዳም ሆናችሁ ታዩታላችሁ ተባልን። ብልሃት መስሎን!

ማሽኑ ተንጫጫ። የዝና ነጭ ለብሳ ብቅ አለች። ሕፃኑን በግራዋ ደግፋ በቀኝ እጇ ታጥበው ጀመር። ሴቶቹ "ተመስገን፣ ቀናችልን!" ብለው እልልታውን አቀለጡት። እትዬ ደብሪቱ ግን ፊታቸውን ከነጠላው መለሱ። "አልፈታችውም" አሉ ቀስ ብለው። "ዛሬም እንዳሰርኳት ናት።"

አንዱ ጆሮዬ ወንዶቹ ዘንድ ነበር። አባ "ምነው ጥሩነህ፣ ይቺ ልጅ ዛሬም በግራዋ!" ሲሉ ሰማሁ። እንዴት ያለ ነገር ነው? የነጠላውን ጫፍ ገለጥ አድርጌ አንገቴን አሾለክሁ። በግራዋ ነው። አንገቴን መለስሁ። በቀኟ ነው። እንደገና አሾለክሁ። በግራዋ! ለካ እኛ ከጀርባ ስለምናይ ነው የተገላበጠብን።

ብብታቸው ሥር ገባሁና "ይነሡ እትዬ" አልኳቸው።

"ወንድ መሀል? ነውር አይደለም?"

"ነውሩን ለእኔ ይተዉት፤ እኔ ለምጄዋለሁ።"

ነጠላውን ገልጠን ስንወጣ ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አቶ ጥሩነህ "ደብሪቱ! ምን ነካሽ?" አሉ። እሳቸውም "ዞር ይበሉልኝ፣ ልጄን ልይ" አሏቸው። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ እንዲህ ሲናገሯቸው ሰምቼ አላውቅም፤ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ እናንተም ትሰሙ ነበር። አቶ እንድሪስ ወንበራቸውን ለቀቁላቸውና ፊልሙን መልሰው ከመጀመሪያው ጀመሩት።

የዝና በግራ እጇ ሕፃኑን አጠበችው። አንገቱን፣ ብብቱን፣ የጣቶቹን መሀል። እትዬ ደብሪቱ እያለቀሱ ሳቁ። "ፈታችው! ልጄ ፈታችው!"

"ግራ እጅ ነው እኮ፣ ልጄ" አሉ አባ።

"አባቴ፣ ሕፃኑ ጠርቷል አልጠራም?"

አባ ትክ ብለው አዩ። "ጠርቷል" አሉ።

በማግስቱ እትዬ ደብሪቱ ባላቸውን "እጅሽን አየሁት፤ አንቺ ልክ ነበርሽ ብለው ይጻፉልኝ" አሏቸው። የዝና ለፋሲካ እመጣለሁ ብላ መልሳለች።

እኔ ባለፈው ወንድሜን ልጠይቅ አዲስ አበባ ወርጄ፣ ቡና ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን አየሁ። እንደ ልማዴ ዞሬ ከኋላው ብመለከት ሽቦና አቧራ ብቻ ነው! ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የሲኒማ ማሽን ግዙ እላለሁ፤ ቢሳሳትም ዞር ብለህ የምታርመው ነው። ለእኔ ግን ጣጣ አመጣብኝ። ወሬን ከጓሮ ብቻ ሰምቼ አድር የነበርኩ ሴት፣ አሁን በፊት በርም ገብቼ ሳልጠይቅ አላወራም። ሥራዬ እጥፍ ሆነ።