ጢንዚዛው እኔ አይደለሁም

ተናጋሪዎች፦
ሙሉአለም፣ የቤት ሽያጭ ሠራተኛ። ክራቫት አይለየውም፣ የማያውቀው ነገር የለም።
ላጲሶ፣ ጓደኛው። ቦሌ ሚካኤል የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚገባው።

(ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቦሌ፣ የአንድ ሲኒማ ቤት ደረጃ ላይ። ስለሚያወሩ ነፍሳት የተሠራ የኮምፒውተር አኒሜሽን ኮሜዲ አሁን ገና አልቋል። ሙሉአለም ሀይሚን ሊያገባ ነገ ሽማግሌ ይልካል። ለዛሬ አባቷን አቶ ገብረኣብን ፊልም ጋብዟቸው ነበር፤ እሳቸው እንደወጡ በታክሲ ሄደዋል።)

ሙሉአለም፦ ሳቅ አይደለም አልኩህ። ጉሮሯቸውን ነው የጠረጉት።

ላጲሶ፦ ሳቁ። አጠገባቸው ነበርኩ እኮ፣ ወንበሩ ሁሉ ተነቃነቀ።

ሙሉአለም፦ ሰው ሲናደድም ወንበር ይነቃነቃል።

ላጲሶ፦ ከዚያ ደግሞ "ጉድ ነው" አሉ።

ሙሉአለም፦ ይኸውልህ። ነገ ሽማግሌ የምልክባቸው ሰው ዛሬ "ጉድ ነው" ካሉ እኔ አለቀልኝ ማለት ነው።

ላጲሶ፦ ሌላውም ሰው እኮ አንድ ዓይነት አልነበረም። ሕፃናቱ ሲፈነድቁ ፊታችን የነበረችው ሴትዮ "በረሮማ ቤቴ በነፃ አለልኝ" ብላ ተነስታ ወጣች።

ሙሉአለም፦ እሷ ትክክል ናት። ፊልሙ ራሱ ስህተት ነው። ጉንዳን ስድስት እግር እያለው አራት አድርገውለታል። ጫማ ደግሞ አድርገውለታል።

ላጲሶ፦ መነጋገሩ ምንም አላለህም፣ ጫማው ነው የከበደህ?

ሙሉአለም፦ ዝም በል እስቲ፣ እያሰብኩ ነው።

ላጲሶ፦ እኔን ያልገባኝ ግን፣ ትልቅ ሰው ይዘህ የሕፃናት ፊልም ምን አስመጣህ?

ሙሉአለም፦ አይገባህማ። ሌላው አዳራሽ የሚታየው የፍቅር ፊልም ነው። ፍቅር ካለ መሳሳም አለ። ከወደፊት አማቴ ጋር ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ሰው ሲሳሳም ልይ? ሦስተኛው ደግሞ ተኩስ ነው፣ እሳቸው ደም ግፊት አለባቸው። ስለዚህ አሰብኩ። በረሮ አይሳሳምም፣ ፌንጣ አይተኩስም። ስትራቴጂ ይባላል ይሄ።

ላጲሶ፦ ጥሩ አስበሃል።

ሙሉአለም፦ ምን ጥሩ አሰብኩ? ጢንዚዛው ሚስት ሊጠይቅ አይመጣ መሰለህ?

ላጲሶ፦ መጣ።

ሙሉአለም፦ ኩበት የሚያንከባልል ጢንዚዛ የቢራቢሮ ልጅ ወደደ። አባትየው ባለ ጢም፣ የተከበረ ቢራቢሮ ነው። ጢንዚዛው ምን አደረገ? ክንፍ ተዋሰ። የሰው ክንፍ ለብሶ "እኔም ቢራቢሮ ነኝ" ብሎ ሄደ። አባትየው ፊት ቆሞ ሲንቀባረር ክንፉ ውልቅ አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ላጲሶ፦ እኔም ስቄአለሁ።

ሙሉአለም፦ አንተማ ሳቅ። ለመሆኑ ጋሼ ገብረኣብን ከቤታቸው በምን አመጣኋቸው?

ላጲሶ፦ በመኪና።

ሙሉአለም፦ በማን መኪና?

ላጲሶ፦ ከጓደኛችን ከአብዱልናስር በተዋስካት መኪና።

ሙሉአለም፦ ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል። አሁን ገባህ? ክንፉ መኪናዋ ናት።

ላጲሶ፦ ፊልሙን የሠሩት ሰዎች አብዱልናስርን ያውቁታል?

ሙሉአለም፦ (ግንባሩን ይዞ) ላጲሶ፣ እኛ እኮ በሰምና ወርቅ ያደግን ሕዝብ ነን። ሰውየው ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ሾላ ገበያ በርበሬ የሸጡ ናቸው። "እንደምን ዋሉ" ብትላቸው እንኳ ምን ፈልገህ እንደሆነ የሚመረምሩ። እኚህን ሰው ወስጄ የተዋሰ ክንፍ አሳየኋቸው። ምን ይላሉ? "ይሄ ልጅ ወይ ነውሩን በምሳሌ እየነገረኝ ነው፣ ወይ እኔን ቢራቢሮ እያለኝ ነው" ነው የሚሉት።

ላጲሶ፦ ቢራቢሮ ስድብ ነው እንዴ?

ሙሉአለም፦ ለልጅቷ አይደለም። ጅምላ በርበሬ ለሚሸጥ አባቷ ነው።

ላጲሶ፦ ታዲያ አንተ አጠገባቸው ብትቀመጥ ኖሮ ፊታቸውን ታየው ነበር።

ሙሉአለም፦ ነውር ነዋ። ሽማግሌ ሳይሄድ ከአማት ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣል? ለዚህ ብዬ እኮ ነው አንተን ከጎናቸው አድርጌ እኔ ከኋላ የሆንኩት። ግን ምንም አላመለጠኝም። ሰው ከኋላም ይነበባል። ጆሮ አለ፣ ማጅራት አለ።

ላጲሶ፦ ማጅራታቸው ምን አለ?

ሙሉአለም፦ ክንፉ ሲወልቅ ሰው ሁሉ ሲያውካካ እሳቸው ብቻ አንገታቸውን ደፉ። መሐረብ አወጡ። ለልጃቸው አፍረው ነው። ከዚያ ጢንዚዛው ተባሮ ዝናብ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ፣ ከጎኔ ያለችው እናት ከነልጇ ስትነፋረቅ፣ እሳቸው ከት ብለው ሳቁ።

ላጲሶ፦ ጉሮሯቸውን ነው የጠረጉት ስትል አልነበር?

ሙሉአለም፦ (ያመነታል) ሳቅ ከሆነም የንቀት ነው። ስንወጣስ? "ላድርስዎት" ስላቸው "በታክሲ እሄዳለሁ" አሉ። መኪናዋን ተጸየፏት።

ላጲሶ፦ ሾላ ጎራ ልበል፣ እዚያ መኪና ማቆሚያ አይገኝም ብለው ነው።

ሙሉአለም፦ እሱ ሰሙ ነው። ወርቁ ለአንተ አይታይህም።

ላጲሶ፦ እኔ ግን ደስ ያላቸው ነው የመሰለኝ። ስናወራ ነበር።

ሙሉአለም፦ ያ ሹክሹክታ አንተ ነህ? ሰው እየዞረ ሲገላምጥ እኔ ከኋላ ማን ይሆን ይሄ ፋራ ስል ነበር። አንተን ይዞ ሲኒማ መግባት ጥፋቱ የእኔ ነው።

ላጲሶ፦ እሳቸው ናቸው የጀመሩት...

ሙሉአለም፦ በቃ ተወው። ነገር በእንጭጩ ነው የሚቀጨው። ነገ ጋሽ ኃይለሚካኤል ሽማግሌዎቹን ይዘው ገርጂ ድረስ ሄደው ከበር ቢመለሱ እኔ ሀይሚን አጣሁ ማለት ነው። (ድምፁ ይቀንሳል) እወዳታለሁ እኮ፣ ላጲሶ። ብዙ አወራለሁ እንጂ እሷን ባጣ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ላጲሶ፦ አውቃለሁ። ግን አትደውል። ዝም አይነቅዝም ይባላል።

ሙሉአለም፦ እሱማ ጎተራ የሚከተው እህል ላለው ሰው ነው።

(ስልኩን ያወጣል። እንደሚታይ ሁሉ ክራቫቱን ያስተካክልና ይደውላል።)

ሙሉአለም፦ (በስልክ) ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሙሉአለም ነኝ... ገና መንገድ ላይ ነዎት? አይዞዎት፣ አላስቸግርዎትም። ስለ ጢንዚዛው አንድ ነገር ላስረዳዎት ብዬ ነው... አዎ፣ ጢንዚዛው። እሱ እኔ አይደለሁም ጋሼ... አይደለሁም፣ በፍጹም። በምንም አንመሳሰልም... እሱ ካደረገው አንዱንም አላደርገውም። እግዜር ያሳይዎት፣ እኔ ከእንደዚህ ዓይነቱ ሥራ የራቅኩ ሰው ነኝ... እንዴት? እናቴማ ትመሰክራለች፣ አንድ ቀን እንዲህ አድርጌ አላውቅም... ስለ መኪናዋ ከሆነ እውነት ነው፣ የአብዱልናስር ናት። ግን እንደ ክንፍ አስቤ አይደለም የተዋስኳት... አላወቁም ነበር? (ላብ ያጠምቀዋል) እሺ... እሺ ጋሼ።

(ስልኩን ዝቅ ያደርጋል።)

ላጲሶ፦ ምን አሉ?

ሙሉአለም፦ ሰውየው ደህና ናቸው? መጀመሪያ ደስ ብሏቸው "ያንን ጢንዚዛ የመሰለ ልጅ ነው ለልጄ የምመኘው" አሉ። እሱ አይደለሁም ስላቸው "ታዲያ እናትህን አትረዳም?" አሉኝ። ጢንዚዛው እናት የታለው? ፊልሙ ላይ እናት የሚባል የለም። ደግሞ "ለተቸገረ ኮትህን አትሰጥም?" አሉ። የምን ኮት ነው?

ላጲሶ፦ (ጫማውን እያየ) እናት አለችው።

ሙሉአለም፦ ለማን?

ላጲሶ፦ ለጢንዚዛው። እኔ በነገርኳቸው ላይ አለችው።

ሙሉአለም፦ ምንድን ነው የነገርካቸው?

ላጲሶ፦ መብራቱ እንደጠፋ ጋሼ ጠጋ ብለው "ምን እያሉ ነው?" አሉኝ። የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ነው።

ሙሉአለም፦ አንተ እንግሊዝኛ ከየት አመጣህ?

ላጲሶ፦ የለኝማ። ግን ትልቅ ሰው ሲጠይቅ አላውቅም ይባላል? አንተም ስንገባ "እንዳታሳፍረኝ" ብለኸኛል። ስለዚህ ሥዕሉን እያየሁ ነገርኳቸው። ኩበቱን ሲያንከባልል "ምንድን ነው እሱ?" አሉ። አማት ፊት ኩበት ማለት ደበረኝ። "የእናቱን ቤት ሊመርግበት ጭቃ እየወሰደ ነው" አልኳቸው።

ሙሉአለም፦ ክንፉ ሲወልቅስ?

ላጲሶ፦ "ብርድ ለመታው ጉንዳን ኮቱን አውልቆ ሰጠ" አልኳቸው። መሐረብ ያወጡት ያኔ ነው። ሆዳቸው ቡቡ ነው ለካ።

ሙሉአለም፦ ዝናቡ ላይ ሲያለቅስስ? ያን ሁሉ ያሳቃቸው ምንድን ነው?

ላጲሶ፦ እሱ ከበደኝ። ከዚያ በላይ ላሳዝናቸው አልፈለግኩም። "ለእናቱ ሽንኩርት እየከተፈ ነው" አልኳቸው። "ወንድ ልጅ ሽንኩርት ሲከትፍ፣ ጉድ ነው" ብለው ሳቁ።

ሙሉአለም፦ (ደረጃው ላይ ዘፍ ብሎ ይቀመጣል) እና እኔን ከጢንዚዛው ጋር ምን አገናኘን?

ላጲሶ፦ "ይሄ ጢንዚዛ የማውቀው ሰው ይመስላል" አሉኝ። "ሙሉአለምን ነው" አልኳቸው። በጣም ደስ አላቸው። "ጨዋ ልጅ ራሱን በአፉ አያመሰግንም፤ ለካ በምሳሌ ሊነግረኝ ነው እዚህ ያመጣኝ" አሉ።

ሙሉአለም፦ እኔ ደግሞ ደውዬ አንዱንም አላደርግም አልኩ።

ላጲሶ፦ እናትህንም ምስክር ጠራህ።

(ስልኩ ይጮኻል። ሙሉአለም እያየው አያነሳውም። ላጲሶ ከእጁ ወስዶ ያነሳዋል።)

ላጲሶ፦ (በስልክ) አቤት ጋሼ፣ ላጲሶ ነኝ... አለ፣ እዚሁ ነው... እንዴ፣ እሱ እኮ አይናፋር ነው። ሲያመሰግኑት እንዲህ ይክዳል፣ ጠባዩ ነው... መኪናዋንም የተዋሰው እርስዎ በታክሲ እንዳይንገላቱ ብሎ ነው... ልክ ነው ጋሼ፣ ጢንዚዛውም ቢሆን እንደዚያው ነው የሚለው... እሺ፣ እነግረዋለሁ።

ሙሉአለም፦ (በቀስታ) ምን አሉ?

ላጲሶ፦ ሽማግሌዎቹ ነገ ይምጡ አሉ።

(ሙሉአለም ሊያቅፈው ይነሳል። ላጲሶ በእጁ ያቆመዋል።)

ላጲሶ፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። ለባለቤታቸው ለእትዬ ገንዘቤ በስልክ ስለ ጢንዚዛው ነግረዋቸው፣ እሳቸው ደግሞ ሙሉውን ካልሰማሁ ብለዋል። ጋሼ ሾላን ትተው በቀጥታ ወደ ቤት እየሄዱ ነው። "ላጲሶ ባትቀየመኝ፣ የአንተ እንግሊዝኛ ጥቂት ነው። ሙሉአለም የተማረ ስለሆነ እሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብጠርጥሮ ይንገራት፣ ስገባ እደውላለሁ" አሉ።

ሙሉአለም፦ መቼ ነው የሚገቡት?

ላጲሶ፦ መንገዱ ካልተዘጋጋ አሁን።

(ሙሉአለም ክራቫቱን ያላላል። ደረጃው ላይ የተበተነውን ፈንዲሻ በእጁ ጠርጎ ለላጲሶ ቦታ ያበጅለታል።)

ሙሉአለም፦ ላጲሶዬ፣ እስቲ እዚህ ቁጭ በልልኝ። ፊልሙ እንዴት ነው የሚጀምረው?

ላጲሶ፦ አንተ አላየኸውም እንዴ?

ሙሉአለም፦ አላየሁትም።