ጡረታ በአርባ አምስት

[የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል። ማሽኖቹ ይጮኻሉ። ሁለት ሠራተኞች ፊት ለፊት ቆመው አንሶላ ያጥፋሉ። አንደኛው የማያውቀው ነገር ስለሌለ «ጠቅላላ ዕውቀት» ይሉታል፤ ሁለተኛው ነገር ቶሎ ስለማይገባው «ቀስ በቀስ»።]

ጠቅላላ ዕውቀት፦ [ዳቦ እየጎረሰ] በግራ በኩል ባኝክ ምን አገባህ?

ቀስ በቀስ፦ ምንም። ቀኙ ምን በደለህ ብዬ ነው።

ጠቅላላ ዕውቀት፦ ተቦርቡሯል። የማሳክመው ጡረታ ስወጣ ነው።

ቀስ በቀስ፦ ጥርሱ እስከዚያ ይጠብቅሃል?

ጠቅላላ ዕውቀት፦ ይኼ ነው የናንተ ችግር! እኔ እስከ ስልሳ ዓመቴ አንሶላ ሳጥፍ አልኖርም። በአርባ አምስት ዓመቴ በቃኝ! የደሞዜን ግማሽ ለጡረታ አስቀምጣለሁ፤ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልነካትም። ሌላው ግብ ሁሉ ከዚያ በኋላ።

ቀስ በቀስ፦ ስንት ግብ አለህ?

ጠቅላላ ዕውቀት፦ ሦስት።

ቀስ በቀስ፦ ጎበዝ! ማን ላይ አገባህ?

ጠቅላላ ዕውቀት፦ የምን ማን ላይ? አላገባሁም!

ቀስ በቀስ፦ አሁን ሦስት አላልክም?

ጠቅላላ ዕውቀት፦ ኳስ አይደለም አንተ ሰውዬ! የሕይወት ግብ! ጥርስ፣ ትዳር፣ ቤት።

ቀስ በቀስ፦ ትዳር ካልክ አይቀር፣ እጮኛህ ደህና ናት?

ጠቅላላ ዕውቀት፦ [አንሶላውን ወደ ራሱ እየጎተተ] ሠርጉን አሥር ዓመት እንግፋው አልኳት። ጥቅሙን አንድ በአንድ አስልቼ፣ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት።

ቀስ በቀስ፦ ምን አለች?

ጠቅላላ ዕውቀት፦ ወረቀቱን ይዛ ሄደች።

ቀስ በቀስ፦ ልታነበው?

ጠቅላላ ዕውቀት፦ እንጃ። ይኸው አራተኛ ወሯ።

ቀስ በቀስ፦ ረጅም ወረቀት ነው ማለት ነው።

[አንሶላው መሐላቸው ይረግባል።]

ቀስ በቀስ፦ ትናፍቅሃለች?

ጠቅላላ ዕውቀት፦ ያዝ፣ ወጥር! ሰው ቢሄድም ገንዘቤ ባንክ ቁጭ ብሎ እየወለደ ነው።

ቀስ በቀስ፦ እሱስ ወለደ። አንተስ?

ጠቅላላ ዕውቀት፦ ከአንተ ጋር ማውራት ከግድግዳ ጋር ነው! ለመሆኑ አንተ ለጡረታህ ምን አስቀምጠሃል?

ቀስ በቀስ፦ እኛማ እንደ አንተ አይደለንም። ልጆቹን ትምህርት ቤት ላክን። ለሚስቴ መነጽር ገዛን፤ ልብስ ሰፊ አይደለች፣ ያለ መነጽር ክር አይገባላትም። የተረፈችውን ደግሞ ትንሽ ትንሽ ለቤት።

ጠቅላላ ዕውቀት፦ ለቤት! ቤት መግዛት የሞኝ ሥራ ነው! እኔን እየኝ፤ ስድስት ዓመት ተከራይቼ ስኖር ጣሪያ ሲያፈስ አከራዬ ትጨነቃለች እንጂ እኔ ምን ቸገረኝ? እሷም መሮኝ ሸጥኩት አለችኝ ዛሬ ጠዋት። ከመጪው ወር ጀምሮ ኪራዩን ለአዲሱ ባለቤት ክፈል አለችኝ።

ቀስ በቀስ፦ አዎ።

ጠቅላላ ዕውቀት፦ የትኛው ጅል እንደገዛው እንጃ!

ቀስ በቀስ፦ እኔ ነኝ።

[አንሶላው ከጠቅላላ ዕውቀት እጅ ያመልጣል።]

ጠቅላላ ዕውቀት፦ አንተ? የኔን ቤት?

ቀስ በቀስ፦ ግማሹን ባንክ አበደረን። እኛ አማቴ ቤት ስለምንኖር አንገባበትም፤ እናከራየዋለን። ምክሩ እኮ ያንተው ነው። አምና «ገንዘብህን ወር በወር ሳያዛንፍ በሚከፍልህ ነገር ላይ አውለው» አላልከኝም? ነገር ቶሎ አይገባኝም አይደል፣ ዓመት ሙሉ አሰብኩበት። ወር በወር ሳያዛንፍ የሚከፍል ከአንተ ሌላ አጣሁ።

ጠቅላላ ዕውቀት፦ [ወንበር ፈልጎ ይቀመጣል] ልታስወጣኝ ነው?

ቀስ በቀስ፦ ኧረ ምን በወጣህ! ጣሪያውንም ቅዳሜ መጥቼ አድስልሃለሁ። [አንሶላውን ከወለሉ እያነሳ] ብቻ አደራህን፣ በአርባ አምስት ዓመትህ ሥራ እንዳታቆም። የኔ ጡረታ አንተ ነህ።