ግድግዳ ላይ ማን ይሳሳማል?

እኛ አገር መሳሳም ነውር ሆኖ አያውቅም። ቆይ፣ አትሳቁ። አውቶቡስ ተራ ሄዳችሁ እዩ፤ ሰው ከሰው ጋር ጉንጭ ለጉንጭ እየተላተመ ጧ ጧ ያደርገዋል፤ የጠፋ ዘመድ ከተገኘማ ሹፌሩ ጡሩምባ እስኪነፋ ድረስ ነው። ማንም ዞር ብሎ አያይም። ያው ድምፅ ከግድግዳ ማዶ ከመጣ ግን አለቀ። ጆሮ ከንፈር አይታየውም፤ ያላየውን ደግሞ ከራሱ ይሞላል።

እኔን ከአዴ ሙሚና መኝታ ቤት የሚለየኝ፣ ግድግዳ ልበለው እንጂ፣ ጭቃ የተመረገ ጣውላ ነበር። እሳቸው ሲያስነጥሱ እኔ ከአልጋዬ ሆኜ «ይማርዎ» እላለሁ።

አሰበ ተፈሪ ነው፤ ያገሬው ሰው ጭሮ የሚላት። ዘመኑ ግለሰብ ቤት እንዳያከራይ የተከለከለበት፣ ከቀበሌም ቤት የማይገኝበት ነበር። ከአዲስ አበባ በታይፒስትነት ተመድቤ ስመጣ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አዴ ሙሚና በደባልነት አንድ ክፍል ሰጡኝ፤ ለቀበሌው «የእህቴ ልጅ ነው» ብለው አስመዘገቡኝ። ሊቀ መንበሩ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየ፣ የሳቸውን ሻሽ አየ፣ «ትመሳሰላላችሁ» ብሎ አለፈ። ውላችን አንድ ነበር፤ ሴት አይገባም። የእህት ልጅ ነውር የአክስት ነውር ነው።

ከዚያ መሳሳሙ ጀመረ።

ሲመሽ፣ አምፖሌ ሲበራ፣ ከጣሪያው ሥር ጭ ጭ ጭ። ሁለት የግድግዳ እንሽላሊቶች ናቸው፤ እነዚያ ቆዳቸው የሰም ወረቀት የሚመስለው፣ ጣሪያ ላይ ተገልብጠው የሚሮጡት። ወንዱ ጅራቱን እያወዛወዘ ይጠራል። ሴቷ አምፖሉን የሚዞሩትን የእሳት ራቶች እየዋጠች ዝም። ደግሞ ይጠራል። ደግሞ ዝም። ባጭሩ እንደኛው ነው። እሺ ካለችው በኋላ አንገቷን ነክሶ ይይዛታል፤ እዚህ ላይ ነው የምንለያየው።

እኔ ለምጄው ነበር። ከማዶ ያሉት ጆሮዎች ግን አልለመዱትም።

አንድ ምሽት አዴ ሙሚና መግሪብ ሰግደው እንደጨረሱ በሬ ተበረገደ። እጃቸው ላይ ሸበጥ አለ።

«የታለች?»

«ማን?»

«አቦ አትሸውደኝ! ሰሞኑን ሙሉ ስትስማት! ወላሂ፣ ከንፈር እንኳ ይደክማል!»

አልጋ ሥር አዩ። ከተሰቀለው ኮቴ ጀርባ አዩ። «ዛሬውኑ ዕቃህን ይዘህ ትወጣለህ» አሉ። ልብ በሉ፣ ከዚህ ከወጣሁ መግቢያ የለኝም። ቀበሌ ሄጄ ቤት ስጡኝ ብል «አክስትህስ?» ነው የሚሉኝ።

ያን ጊዜ፣ ከላይ፣ ጭ ጭ ጭ።

ሁለታችንም አንጋጠጥን። የአዴ ሙሚና አፍ ተከፈተ። ሸበጡ ከኔ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ይህችን ፍጥረት በአንድ ምት የገደለ አላህ ዘንድ አጅርና ምንዳ አለው ሲባል ነው ያደጉት። እጃቸውን አነሱ። ሴቷ አምፖሉ አጠገብ ነበረች። ብርሃኑ ሆዷን ዘልቆ፣ ከስሱ ቆዳዋ ሥር ሁለት ነጫጭ ክቦች ጎን ለጎን ታዩ።

«ያ ረቢ፣ እርጉዝ ናት!» ሸበጡ ወረደ።

«እንቁላል ነው» አልኩ።

«ያው ነው! አንተ ምን ታውቃለህ? ወልደህ ታውቃለህ?»

በዚህ ምሕረት አገኘሁ። ሴቷም ሁለቱን እንቁላል መስኮቴ ማጠፊያ አጠገብ ያለ ስንጥቅ ውስጥ ለጠፈቻቸው። ሲወጡ ለስላሳ ነበሩ፣ ሳይቆዩ እንደ ኖራ ደረቁ፤ ቢነኳቸው ይሰበራሉ እንጂ አይላቀቁም። ከዚያ እመጫቲቱ ዞር ብላ እንኳ ሳታያቸው ወደ እሳት ራቶቿ ተመለሰች። አዴ ሙሚና ይህን ይቅር አላሏትም። «እናት ናት ይቺ?» እያሉ ሂርና ላለችው ልጃቸው ሳይቀር አሟት። መስኮቱ እንዳይከፈት ታዘዘ። እሳቸው በየቀኑ ወንበር ላይ ወጥተው ይጎበኛሉ፤ እኔ ወንበሩን እይዛለሁ።

አንድ ቀን ከወንበሩ ሲወርዱ ትኩር ብለው አዩኝ።

«ኢልመ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይቺ ደሞዝ የላት፣ ዘመድ የላት። ባል አገኘች፣ ቤት አገኘች፣ ወለደች። ያውም አንተ ክፍል ውስጥ! አንተ ምን ትጠብቃለህ?»

«እያሰብኩ ነው።»

«እነዚህ እስኪፈለፈሉ አስብ። ያኔ ሚስት ካላመጣህ ክፍሉን ለባለትዳር እሰጣለሁ። የወንድሜ ልጅ ነው እላለሁ።»

እስቲ ፍረዱኝ። ሴት አስገባህ ተብዬ ልባረር የነበርኩት ሰው፣ ሴት አላስገባህም ተብዬ ልባረር ነው።

እንቁላል ሲቀዘቅዝ መፈልፈሉ ይዘገያል ሲባል የሆነ ቦታ ሰምቼ ነበር። ስለዚህ በየማለዳው ፀሐይ ጣውላውን ሳታሞቀው ተነስቼ መስኮቱ ላይ ከውጭ በኩል እርጥብ ፎጣ መስቀል ጀመርኩ። ሳምንት ሳይሞላ አዴ ሙሚና ደረሱብኝ። ፎጣውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ከፀሐይ ስትከልላቸው ነው?» አሉ። «አየህ፣ አባት ሆነሃል እኮ! ሚስቲቱ ብቻ ናት የቀረችህ። ነገ በደሳ ከተማ እሄዳለሁ፤ አንዲት ደህና ልጅ አውቃለሁ።»