ባለማኅተም ዓይን

ከዓይኑ ይልቅ ማኅተም የሚያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በደርግ ጊዜ ከቢቸና ወደ ሞጣ ስጓዝ ገጥሞኛል። የአውቶቡሱ ሹፌር ጋሽ ተገኘ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ግን መንጃ ፈቃድ ሲያሳድሱ የዓይን መመርመሪያውን ሰሌዳ እንደ ዳዊት በቃላቸው አጥንተው አለፉ። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ያውም ጉም መንገዱን ሸፍኖት፣ እሳቸው እየነዱ፣ እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ።

ሞጣ ልንደርስ ስንል፣ «ያ ፊት ለፊት የቆመው በሬ ነው ሰው?» አሉኝ ዝግ ብለው።

«ሰው ነው ጋሼ፤ ፍሬን ይያዙ!»

አውቶቡሱ ከከተማዋ መግቢያ ኬላ ጠባቂ ደረት አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ጋሽ ተገኘ ወርደው መንጃ ፈቃዳቸውን ዘረጉ።

«ልጄ፣ ውሰድልኝ። አላይም።»

ጠባቂው ላቡን ጠርጎ ማኅተሙን መረመረ።

«ባለፈው ወር ታድሷል። ያያሉ ይላል።»

«ልገድልህ ነበር እኮ።»

«ወረቀቱ ትክክል ነው፤ ይንዱ ጓድ፤ መንገድ አይዝጉ።»

እኛ ተሳፋሪዎቹ እርስ በርስ ተያየንና አንድ በአንድ ወረድን። ጋሽ ተገኘ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ክንዴን ያዙ። ሕጋዊ ሹፌር ይዘን ሞጣ በእግራችን ገባን።