ጋሽ ፈንታውና የጓሮዬ ተርብ

በየሰፈሩ «ለእኔ ተዉት» የሚል ሰው አይጠፋም። የእኛ ሰፈር ባለሙሉ ሥልጣን ክቡር ጋሽ ፈንታው ናቸው። የማይነኩት ሥራ የለም፤ የጨረሱትም የለም። በር ጠግነውልን በመስኮት ስንወጣ የሰነበትን አለን።

ዘንድሮ ጓሮዬ ካለው ቡና ላይ ተርብ ጎጆውን ሠራ። አምና አንዷ ነድፋኝ ትንፋሽ ሲያጥረኝ አማን ሆስፒታል ወስደውኝ፣ «ሁለተኛ እንዳትነደፊ፤ ላትተርፊ ትችያለሽ» ተብያለሁ። ቡናው ደግሞ ቀልቶ መርገፍ ጀመረ። የዓመት ቀለቤ እሱ ነው። ለቃሚ ባመጣም ጎጆውን አይቶ ተመለሰ።

«አጸደ፣ ለእኔ ተዪው!» አሉ ጋሽ ፈንታው በአጥር ላይ።

መጀመሪያ እርጥብ የሙዝ ቅጠል አጨሱ። ተርቡ ንቅንቅ አላለም፤ ጎረቤታችን ባለሱቁ ኸይሩ ግን እያሳለ ሱቁን ዘጋ።

በማግስቱ የዝናብ ልብስ ለብሰው፣ ከላይ የወባ አጎበር ተከናንበው መጡ። ሚስታቸው እማማ ማናልሞሽ አጥሩን ተደግፈው፣ «ሙሽራው! ሚዜህ የታለ?» አሏቸው።

«ሳቂ አንቺ! ዛሬ ነው የሚያውቁኝ!»

አጎበሩ ላይ አይጥ የበላው ቀዳዳ ነበር። ጋሽ ፈንታው አላዩትም፤ ተርቦቹ አዩት። እሳቸው ከቡናው ሥር እየጮሁ ሲወጡ አንድ ዓይናቸው አብጦ ተከድኗል፤ ከንፈራቸው አገጫቸው ላይ ወድቋል።

«በሞቴ ጋሼ፣ ይብቃዎት» አልኳቸው።

«ገና... አላወቁኝም።»

«ኧረ አሳምረው አውቀውሃል!» አሉ እማማ ማናልሞሽ።

እኔ ተስፋ ቆረጥኩ። ይርገፍ፣ ምን አደርጋለሁ፣ ብዬ ተኛሁ።

ሲነጋጋ ከጓሮ ኮሽታ ሰማሁ። ጦጣ መስሎኝ በማድቤቱ ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። ጋሽ ፈንታው ናቸው። የአጎበሩ ቀዳዳ ተጥፏል። ተርቦቹ በብርዱ ደንዝዘው ጎጆው ላይ ተለጥፈዋል፤ እሳቸው ከሥሩ ቆመው ቅርንጫፉን በአንድ እጃቸው ደግፈው ይለቅማሉ። መዶሻ ሲያነሱ ሰፈር የሚያውኩት ሰውዬ ቅጠል እንኳ አላነቃነቁም። ወደ ጎጆው ቀና ባሉ ቁጥር ሊሸሹ አንድ እግራቸውን ወደ ኋላ ይስባሉ። ግን አይወጡም።

ፀሐይ ሳትሞቅ የለቀሙበትን ቅርጫት ደጄ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። በትኜ ላሰጣ ቡናውን ዘረገፍኩት። በዚያች በአንዲት ደህና ዓይናቸው መርጠው የለቀሙት ሁሉ ቀይ ነው፤ አንድ ጥሬ እንኳ አልተቀላቀለበትም።