በሜትር የተለካ ኮፍያ

[ቂርቆስ ሰፈር፣ አንድ መዋዕለ ሕፃናት። የገና ዝግጅት ጠዋት። አዲሷ መምህርት መድኃኒት ወለሉ ላይ ተቀምጣ የወረቀት ኮፍያ ታጣብቃለች። ዘበኛው ጋሼ ደጋጋ ኮላ ይዘውላታል። ዳይሬክተሯ «ዝግጅቱ ካማረ ቋሚ ትሆኛለሽ» ስላሏት ሌሊቱን በቅጡ አልተኛችም።]

ደጋጋ፦ እኔ ግን አሁንም የኦቾሎኒ መጠቅለያ ነው እላለሁ።

መድኃኒት፦ ጋሼ፣ ስንቴ ልንገርዎት? ኮፍያ ነው!

ደጋጋ፦ ከታች ተከፍቷል፣ ከላይ ሾሏል። ኡራኤል ያለችው ሴትዮ የምትሸጥበት ቁርጥ ይሄንኑ ነው።

መድኃኒት፦ እሷ ለክታ ነው የምትሠራው? እኔ ማክሰኞ ሃያ ሁለት ጭንቅላት በሜትር ለክቻለሁ! ይዩ፣ ክብ ወረቀት ለሁለት ይከፍላሉ፣ ግማሹን ይጠቀልላሉ፣ በቃ! የጠርዙ ዙሪያ ከጭንቅላቱ ዙሪያ ጋር እኩል መጣ። አይገርምም?

ደጋጋ፦ ይገርማል። ላስቲክ ብታስሪበትስ?

መድኃኒት፦ ላስቲክ በግምት ለሚሠራ ሰው ነው። የእኔ ላይ የልጆቹ ስም ሁሉ ተጽፏል። ይሄ የቸሩ፣ ይሄ የሀዊ።

ደጋጋ፦ የቸሩ አይሰፋም?

መድኃኒት፦ ጎፈሬውን አላዩትም እንዴ?

ደጋጋ፦ ማክሰኞማ አየሁት።

መድኃኒት፦ ታዲያ ጭንቅላት በሦስት ቀን ይቀንሳል?

ደጋጋ፦ እንጃ ቲቸር፣ እኔ የምጠብቀው በር ነው።

[በሩ ይንኳኳል። ደጋጋ ይከፍታሉ፤ ቸሩና ሀዊ ይገባሉ። ቸሩ ለበዓል ተላጭቶ ጭንቅላቱ ያብረቀርቃል። ሀዊ አናቷ ላይ ሁለት ትልልቅ ጉንጉን በነጭ ሪባን ታስሮላታል። መድኃኒት በየስማቸው ታለብሳቸዋለች። የቸሩ ኮፍያ አፍንጫው ድረስ ይወርዳል፤ የሀዊ ጉንጉኗ ላይ እንደ ወፍ ቁጢጥ ይላል።]

መድኃኒት፦ ወይኔ! [በመስኮት ታያለች] ጋሼ፣ ወንዶቹ በሙሉ ተላጭተዋል! ሴቶቹ በሙሉ ተሠርተዋል!

ደጋጋ፦ በዓል አይደል? ትናንት የፀጉር ቤቱ ሰልፍ አስፋልት ደርሶ ነበር።

መድኃኒት፦ አለቀልኝ! ወላጆች እየመጡ ነው፣ እንደገና መቼ እሠራለሁ? ቋሚነቴ ሄደ፣ በቃ።

ደጋጋ፦ የወንዶቹን ለሴቶቹ፣ የሴቶቹን ለወንዶቹ አድርጊላቸዋ።

መድኃኒት፦ [ትቀያይራለች። ልክክ ይላል።] እንዴ! ጎፈሬው በነበረበት ጉንጉኑ ገባ! ቆይ፣ ይሄማ በደንብ ሊጠና… ስሙስ ግን?

ደጋጋ፦ ከሃያ ሁለቱ ማን ያነባል?

መድኃኒት፦ ዳይሬክተሯ ያነባሉ!

[ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ሸዋአየሁ ይገባሉ። ቸሩን ትክ ብለው ያያሉ።]

ሸዋአየሁ፦ መድኃኒት፣ ይሄ ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው ሀዊ የሆነው?

[መድኃኒት ወደ ደጋጋ ዞር ትላለች።]

ደጋጋ፦ እትዬ፣ ለገና ስጦታ ተለዋውጠው ነው። ቲቸር «ከመቀበል በፊት መስጠት ይልመዱ» ብላ።

ሸዋአየሁ፦ በስማቸው የተሠራውን? የገዛ ኮፍያቸውን? [ዓይናቸውን ይጠርጋሉ] ስንት ዓመት ሳስተምር ይሄን አላሰብኩትም። ከበዓሉ በኋላ ነይና ቋሚነትሽን ፈርሚ። [ይወጣሉ።]

መድኃኒት፦ ጋሼ… እንደሚላጩ ቀድመው ያውቁ ነበር?

ደጋጋ፦ ይሄን የማያውቅ አለ?

መድኃኒት፦ ታዲያ ስለካ ለምን ዝም አሉኝ?

ደጋጋ፦ ስታስረጂ እንዴት ደስ እንደሚልሽ ሳይ፣ ማቋረጡ አሳዘነኝ።